አጠናው እስኪመጣ

መብራት የጠፋው የጋሼ ቀኝ ጎን ተስተካክሎ እንዳለቀ ነው። ግራው ገና አልተነካም። ቶንዶሱ አንዴ አቃሰተና ዝም ሲል፣ ጸጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ቶንዶሱን፣ ቀጥሎ አምፖሉን፣ ከዚያ በር ላይ ወጣ ብሎ የጎረቤቱን ሱቅ አየ። የጎረቤት መብራትም መጥፋቱን ማረጋገጥ የሰፈራችን የመጀመሪያ ደረጃ እርዳታ ነው፤ «የኔ ብቻ አይደለም» ካሉ በኋላ ሕመሙ በግማሽ ይቀንሳል። የጋሼ ግን አልቀነሰም። በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ሰው ሆነው ይታያሉ፤ በቀኝ በኩል ሚዜ፣ በግራ በኩል ባሕታዊ።

«ቻርጅ የሚደረገው ቶንዶስ ነበረህ አይደል?» አሉት።

«አለ ጋሼ። እሱም ቻርጅ ሊደረግ መብራት እየጠበቀ ነበር።»

«መቀስስ?»

መቀስ ሲባል ወረፋ የምንጠብቀው ሁሉ ወደ ጣራው ቀና አልን። የልጁን የመቀስ ሥራ የቀመሰ ያውቀዋል። ጋሼም ትዝ አላቸው መሰለኝ ጥያቄያቸውን ራሳቸው ሰረዙት። ጉዱ ግን ጋሼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቴል ሽምግልና አለባቸው፤ ልጅ ሊለምኑ ነው። ቀኑ እሑድ ነው፣ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል፣ የሚያገባው ልጅ አባት ሁለት ጊዜ ደውለዋል። ጋሼ ግራቸውን በመስታወት እያዩ፣ «በዚህ ጸጉር ብሄድ እንኳን ልጅቷን፣ የምቀመጥበትን ወንበርም አይሰጡኝ» አሉ።

ይህ የሆነው ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ብዙም ሳይርቅ ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን በጃኬቴ ኪስ ጉድ ይዤ ነበር። እናቴ ቁም ሳጥኗን ስታራግፍ ከአሮጌ የባንክ ደብተርና ክዳን ከሌለው ስኳር ማስቀመጫ ጋር ያገኘችውን፣ «ይሄን ዕቃህን ውሰድልኝ» ብላ የሰጠችኝን ጌም። ግራጫ ነው፤ አራት ትንንሽ ቁልፎችና አንድ ትልቅ ቢጫ ቁልፍ አለው፤ ፊቱ ላይ «9999 በ1» የሚል ጽሑፍ ግማሹ ተፍቆ ቀርቷል። ሁለት ባትሪ ገዝቼ ብከትበት ከሃያ ዓመት እንቅልፉ ነቅቶ ጢው፣ ጢው አለ። የሰው ልጅ እንዲህ ቢነቃ ኖሮ!

ጌሙን አውጥቼ ስከፍተው የቤቱ ጭንቅላት በሙሉ ዞረ፤ ግማሽ ጭንቅላት የተስተካከሉትም ጭምር።

*

ነገሩን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ከነበርክ ይህን ዕቃ ወይ ነበረህ፣ ወይ ያለው ጓደኛ ነበረህ፣ ወይ ያለው ልጅ ጠላትህ ነበር። ከቻይና መጥቶ መርካቶ የሚራገፍ ነው። ስሙ «ብሪክ ጌም» ይላል፤ እኛ ግን «ጌም» ብቻ እንለዋለን፣ ሌላ ጌም ስለማናውቅ። 9999 ጨዋታ አለው የሚለውን ከልባችን አምነናል። አንድ የክፍሌ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ሊቆጥር ተነስቶ፣ ጡቡ፣ ታንኩ፣ መኪናው፣ እባቡና መንገድ የሚሻገረው እንቁራሪት ካለቁ በኋላ ያው ጡብ በሌላ ፍጥነት፣ ያው ታንክ በሌላ ፍጥነት መሆኑን ደረሰበት። ለማንም አልነገረም። ምስጢሩን ለኔ ያወጣው ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ነው።

ዋናው ግን ጡቡ ነው፤ ዓለም «ቴትሪስ» የሚለው። በወርድ አሥር፣ በቁመት ሃያ ካሬ የሆነች ጉድጓድ አለች። ከላይ ሰባት ዓይነት ቅርጽ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ አራት ካሬ ነው። እያዞርክ ታስቀምጣለህ፤ አንድ ረድፍ ክፍተት ሳይኖረው ከሞላ ይጠፋል፤ ካልሞላ ይቆለላል፤ ቁልሉ ጣራ ሲነካ ሞትክ። በእኛ ሰፈር ሰባቱ ቅርጾች የክርስትና ስም አላቸው። ሁለት በሁለት የሆነው «ብሎኬት»። ጫፋቸው የታጠፈው ሁለቱ «ቀኝ ከዘራ» እና «ግራ ከዘራ»። መሐሉ ጉብ ያለው «ሻኛ»። እንደ መብረቅ የሚሄዱት ሁለቱ «ጠማሞች»፤ የነሱን ስም ስናነሳ ምራቃችንን እንተፋለን። ሰባተኛው፣ ቀጥ ያለው ረጅሙ፣ «አጠና» ነው።

አጠና ተራ ያደገ ልጅ ሌላ ስም ከየት ያመጣል? ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ግራና ቀኝ የተቆለለ የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ለአጥር፣ ለጣራ፣ ለፎቅ መወጣጫ የሚሆነው ሁሉ በጋሪና በሰው ትከሻ ከዚያ ይወጣል። ረጅምና ቀጥ ያለ ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አጠና ነው።

ጌሙም በአጠና ነበር ሰው የሚገድለው። በእኛ መሣሪያ አንድ ረድፍ ብቻ ካጠፋህ 100 ነጥብ ነው፤ አራት ረድፍ በአንዴ ካጠፋህ ግን 1500። አራት በአንዴ የሚያጠፋ ደግሞ አጠና ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ልጅ፣ ትልቁም ትንሹም፣ በአንድ ጎን አንዲት ቀጭን ክፍተት ትቶ ሌላውን ይገነባል። ይገነባል፣ ይገነባል። አጠናው ይመጣል ብሎ። ጠማማ ይመጣል፣ ሻኛ ይመጣል፣ ከዘራ ይመጣል፣ ደግሞ ጠማማ። ክፍተቷን በከዘራ ደፍኖ በሦስት ረድፍ መገላገል ይችል ነበር፤ ግን እንዴት ተብሎ! ሰዎች ጨዋታው ፍጥነቱ ነው የሚከብደው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በፍጥነት የሞተ ልጅ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቻችን የሞትነው አጠና ስንጠብቅ ነው። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን «መቼ ነው የምታገባው?» የተባለ ጎረምሳ «አጠናው ይምጣ» ማለት ጀመረ፤ ቤቱን ፊኒሽ ያላስገባም፣ ዕዳውን ያልከፈለም እንዲሁ።

የመጫወቻ ሕጉ «እስክትሞት» ነው። ጌሙ የማንም ይሁን፣ የያዘው ልጅ እስኪሞት ይጫወታል፣ ከሞተ ለተረኛ ያቀብላል። ተረኛው ደግሞ ከጎንህ ተቀምጦ ምክር ይሰጣል። «አዙረው! አዙረው! ወደ ግራ! አይ፣ ተበላሸ።» ሞትህን የሚመኝ ሰው እንዴት ያለ ምክር እንደሚሰጥ ያየሁት ያኔ ነው። ባትሪ ሲደክም መስታወቱ ይደበዝዛል፤ ባትሪውን አውጥተን በጥርሳችን እንነክሰዋለን፣ ካልሆነ እንደ በርበሬ ጸሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ማታ ዓይናችንን ስንጨፍን ጡቡ መውረዱን ይቀጥላል። ይህን እናቴ የሰይጣን ሥራ ብላ ጸበል ልትወስደኝ ነበር። በኋላ ሳነብ በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጉዳዩን አጥንተውት ኖሯል፤ ሰዎችን ቴትሪስ አጫውተው ሲያስተኟቸው ጡቡ ይታያቸዋል። የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ፣ መጫወታቸውን እንኳ የረሱ ሕሙማን ሳይቀሩ የሚወድቅ ቅርጽ አይተዋል። ለእናቴ ነገርኳት። «ታዲያ ጸበል ወሰዷቸው?» አለችኝ።

*

አሁን ቂሜን ላውራ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ በሰፈራችን ታይቶ የማይታወቅ ነጥብ አስመዝግቤአለሁ፤ ጌሙ ላይ ተጽፏል፣ ሦስት ምስክር አለኝ። ያልነበሩት ልጆች ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ መጥተው በዓይናቸው ሊያዩ ተቀጣጥረናል። የዚህ ጌም አንድ ጠባይ አለው፤ ሪከርዱን የሚያስታውሰው ባትሪው እስካለ ድረስ ነው። ባትሪ ከወጣ እንደ ተወለደበት ቀን ባዶ ነው።

ሰኞ ዕለት መብራት የለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ ሲድኒ ላይ 10 ሺህ ሜትር ይሮጣል። ቴሌቪዥኑ ሞቷል፣ የአባቴ ትንሽ ሬዲዮ ባትሪ ጨርሷል፣ የእኔ ጌም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ቀሪውን አንባቢ ይገምት። ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ ዘጠኝ ብቻ ቀድሞ ወርቁን ሲወስድ ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ፤ አባቴ እየዘለለ አቀፈኝ፤ እኔም አለቀስኩ። አባቴ እስከ ዛሬ «ይሄ ልጅ ገና በልጅነቱ ለአገሩ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው» እያለ ለእንግዳ ያወራል። አላረምኩትም። ሦስቱ ምስክሮቼ ግን ማስረጃው ሲጠፋ አንድ በአንድ ከዱኝ፤ አንደኛው ቁጥሩን ከነበረው በግማሽ አወረደው፣ ሁለተኛው «እኔ እንኳ ሩቅ ነበርኩ» አለ፣ ሦስተኛው ራሱ ያስመዘገበው መሆኑን ማውራት ጀመረ።

*

ወደ ጸጉር ቤቱ ልመለስ። ጌሙን መጀመሪያ የነጠቀኝ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ነው፤ በስልኩ ላይ ሲተኩስ የቆየ፣ ኔትወርክ ሲጠፋበት መተኮሱን ያቆመ። አየት አድርጎ «ይሄ ምኑ ነው ጌም? ከለር የለው፣ ሴቭ የለው፣ አብሮህ የሚጫወት የለው» አለ። ከአንድ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ሲል ሞተ። «ቁልፉ ተበላሽቷል» ብሎ አቀበለ። ቁልፉ አልተበላሸም። በዚህ ጌም የሞተ ሰው የመጀመሪያ አስተያየቱ ምንጊዜም ስለ ቁልፉ ነው፤ ይህ ከሃያ ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር።

ቀጥሎ የታክሲ ረዳት ያዘው። መኪናቸው ጋራዥ ገብታለት ዕረፍት ላይ ነው። ጣቶቹ ሳንቲም የለመዱ ስለሆኑ ፈጣን ናቸው። «ጠጋ በል! ጠጋ በል አንተ ሻኛ! መሐል ላይ ሁለት ሰው ይገባል!» እያለ ለጡቡ ይጮኽለታል። አንድ ረድፍ ሲሞላና ሲጠፋበት ግን ግራ ገባው።

«የት ሄዱ?»

«ሞሉ፤ ሲሞሉ ይወርዳሉ» አልኩት።

«ሒሳብ ሳይከፍሉ?» ቆጠረ። «ቆይ፣ አንድ መስመር አሥር ነው የሚይዘው?»

«አሥር።»

«ትርፍ የለውም?»

«የለውም።»

ጌሙን ከፍ አድርጎ በሐዘን አየው። «ታዲያ ይሄ መኪና በምን ያተርፋል?»

ሦስተኛው ግንበኛ ነው። ጥፍሩ ሥር ሲሚንቶ አለ፣ እሑድም አልለቀቀውም። መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። በቀኝ በኩል ያለችውን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የምታሳይ ትንሽ መስኮት ከሁሉ ቀድሞ ያስተዋለው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ሞተው እስኪያበቁ እንዳለችም አላወቁም። እርጋታው ያስቀናል። ደረጃ አንድ ላይ አንዲት ቀዳዳ ሳይተው ቆየ። ግን እንደ ሠራ ያማርራል።

«ውኃ ልክ የለው፣ ገመድ የለው፣ መሠረት አልተቆፈረ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ከላይ የሚያቀብለኝ ልጅ ማነው ግን?»

«ማሽኑ ነው።»

«ብሎኬት ስለው ጠማማ ይጥልልኛል። አጠና ስለው ከዘራ። እኔ ብሆን እስከ ምሳ አላቆየውም ነበር።» ፍጥነቱ ሲጨምር ላቡ መጣ። «ቆይ! ጭቃው ሳይቦካ! ቆይ አልኩህ!» ሞተ። መነጽሩን አውልቆ እንደ መሐንዲስ ፍርዱን ሰጠ። «ይሄ ለቀን ሥራ ጥሩ ነው። ለኮንትራት አይሆንም፤ ያቻኩላል።»

ከጎን ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ስኒ ይዛ ስትገባ ሁላችንም በአንድ ድምፅ ሞክሪው አልናት። እንደዚህ ባለው ወሬ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ሳይታሰብ አንዲት ሴት መጥታ ወንዶቹን ሁሉ ታሸንፋለች፤ እኔም ልቤ ያንን ጠብቆ ነበር። ሴትየዋ ከሁሉ ፈጥና ሞተች። ጌሙን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና «ለዚህ ነው ቡናው የሚቀዘቅዘው?» ብላ ሄደች። ከተሰጡት አስተያየቶች አጭሩ ይህ ነው።

ጋሼ እስካሁን ንቀዋል። አንገታቸው ላይ ነጩ ጨርቅ እንደታሰረ ተቀምጠው፣ ስልካቸው ሲጮኽ «እየመጣሁ ነው፣ ቀራኒዮን አልፌአለሁ» ይላሉ። ቀራኒዮና እኛ የተቀመጥንበት ወንበር በታክሲ እንኳ አይቀራረቡም። ለጌሙም ያላቸው ግምት ዝቅተኛ ነበር፤ «ጨዋታ ማለት ገበጣ ነው» አሉ። ባላጋራህ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል፣ ጠጠሩን ሲቆጥር ከንፈሩን ታያለህ፣ ሲያታልልህ ታውቃለህ። ይህ ግን ከማን ጋር ነው የሚያጣላው? እውነታቸውን ነው፤ ገበጣ እዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሲሆን ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እንደ አውሮፓውያን በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ አጨዋወቱን በየአካባቢው ለቅመው ጽፈውለታል። ለብሪክ ጌም እንዲህ የደከመለት ምሁር የለንም። እኔ ነኝ ያለሁት።

«ማነው ደግሞ ይሄን ያመጣብን? ቻይና ነው አይደል?» አሉ።

«መሣሪያው ነው የቻይና። ጨዋታውን የፈጠረው የሞስኮ ሰው ነው። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ይባላል፤ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ተቀጥሮ ሲሠራ ነው የሠራው። ኮምፒውተሩ ሥዕል መሣል አይችልም ነበርና ካሬዎቹን በቅንፍ ምልክት ነው ያበጃቸው። ስሙንም አራት ከሚለው የግሪክ ቃልና ከሚወደው ከቴኒስ አዳቅሎ አወጣለት።»

«መቼ?»

«በ1976 ዓ.ም.።»

ጋሼ ከነጨርቁ ተነሱ። «በስንት?»

«በ76።»

«እኔ እኮ ሞስኮ ነበርኩ!» ግራ ጸጉራቸው ቆመ። «የትራክተር ጥገና ስማር! ክረምትና በጋ እዚያው ነኝ! ማንም አልነገረኝም!» በገዛ ሰፈሩ ሠርግ ተደግሶ ያልተጠራ ሰው ይመስላሉ። ፈረደባቸው ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ብርድ፣ ያ ሁሉ ጎመን፣ ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ዋናው ነገር በጓዳ ሲሠራ እሳቸው ትራክተር ሥር ተኝተው። ሞስኮ በዚያን ዘመን ለእኛ ያልላከችው ነገር አልነበረም፤ ታንኩንም፣ አማካሪውንም፣ ዛሬም ድረስ ያልሞተውን ላዳም ልካልናለች። ቴትሪስን ብቻ ቆጥባ፣ እሱም በስንት ዓመቱ በቻይና ዞሮ በመርካቶ ገባ።

«ታዲያ ሰውዬው ከበረ?» አለ ረዳቱ።

«መጀመሪያ አልከበረም። መብቱ የመንግሥት ነበር። በ1989 እንደ አውሮፓውያን የጃፓኑ ኔንቲዶ ከጌም ቦይ ጋር ሲያወጣው ከ30 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ፓጂትኖቭ ግን ድርሻ አልነበረውም።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸው እያበራ። «የሕዝብ ሀብት ነዋ! ግለሰብ ምን ያደርግለታል?»

«በኋላ አሜሪካ ገባ፤ በ1996 መብቱ ሲመለስለት ከጓደኛው ከሄንክ ሮጀርስ ጋር ኩባንያ አቋቋመ።»

«አበላሸው» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ አሰብ አድርገው፣ «ከዚህ ካንተስ ምን አገኘ?»

«ከዚህማ ምንም። ይሄ ቅጂ ነው።»

«ጎበዝ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ግን እጃቸውን ዘረጉ፣ ጌሙን ሰጠኋቸው።

*

ጋሼ ሲጫወቱ ሌላው ተከራከረ። ግንበኛው ጥፋቱ የአቀባዩ ነው በሚለው አቋሙ ጸንቷል። ረዳቱ የለም፣ የአጫጫን ችግር ነው ይላል። ወጣቱ፣ ክብሩ ተነክቷልና፣ «አንድ ፈረንጅ ልጅ ግን ጨርሶታል፣ ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ» አለ። ልክ ነው፤ ጨርሶታል ማለት ግን ይከብዳል። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ የኦክላሆማ የ13 ዓመት ልጅ በድሮው የኔንቲዶ መሣሪያ 38 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ደረጃ 157 ሲደርስ መሣሪያው ደርቆ ቆመ። ከዚያ በፊት ሰው እዚያ አላደረሰውም። ልጁ ጨዋታውን ሳይሆን ማሽኑን ነው ያደከመው።

«መሣሪያው እስኪታመም?» አለ ረዳቱ በአድናቆት። «እኔ የማውቀው ሾፌር አለ እንደሱ።»

ለግንበኛው ደግሞ አዘንኩና የምሥራች ነገርኩት። በ1992 እንደ አውሮፓውያን ካናዳ የሚማር ጆን ብሩስቶቭስኪ የሚባል ተማሪ ስለዚህ ጌም የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርቷል፤ በ1997 ሃይዲ በርጂኤል የምትባል የሒሳብ ሰው ቀጠለችበት። ጠማሞቹ ብቻ፣ አንዴ ግራው አንዴ ቀኙ፣ እየተፈራረቁ ቢወርዱ፣ ተጫዋቹ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን 70 ሺህ ጡብ ሳይሞላ ይሞታል። በብልሃት ማምለጫ የለውም፤ በሒሳብ ተረጋግጧል።

ግንበኛው ወንበሩን በጡጫ መታ። «አላልኳችሁም? ጠማማ ነው! አቀባዩ ነው!» ሃያ ሁለት ዓመት በግንበኝነት ያጠራቀመው አቤቱታ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ፍትሕ አገኘ። ጽሑፉ በወረቀት ይገኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለአንድ አሠሪው ሊያሳየው ፈልጎ ነው።

ወጣቱ ግን ተከፋ። «ማሸነፍ ከሌለው ለምን ይጫወታሉ?»

ጋሼ ዓይናቸውን ከጌሙ ሳይነቅሉ መለሱለት። «ኮልፌ ላይ ማን ምን ጨርሶ ያውቃል? ማንዴላ እንኳ በ1954 እዚሁ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ስድስት ወር ሊሰለጥን መጥቶ፣ ሁለት ወር ገደማ እንደሆነው በቴሌግራም ጠሩት። ሳይጨርስ ሄደ። ታዲያ ምን ቀረበት?»

ይህን የሚመልስ አልተገኘም። ጋሼ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሞተው ሦስተኛቸውን ይዘዋል። ሕጉን ብናስታውሳቸው «ተማሪ ቤት ሳለሁ የሸፈተብኝ ጊዜ ነው፣ ይካካሳል» አሉን። ተረኛው ረዳት ከጎናቸው ተለጥፎ «ያዙሩት ጋሼ፣ ያዙሩት፣ ወደ ቀኝ!» እያለ የልጅነቴን ምክር ይመክራቸዋል። እንደማንኛችንም፣ ያለ ማንም አስተማሪ፣ በግራ በኩል አንዲት ቀጭን ክፍተት ትተዋል። ሌላው ሞልቷል። ቁልሉ ከወገብ አልፎ ደረት ደርሷል።

«ጋሼ፣ በከዘራ ይድፈኑት» አልኩ፤ እኔ እንኳ ከልምድ።

«ዝም በል።»

ሻኛ ወረደ። ጠማማ ወረደ። ሌላ ጠማማ ወረደ፤ ግንበኛው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ቁልሉ አንገት ደረሰ። ስልካቸው ጮኸ፤ በጉልበታቸውና በአገጫቸው እንደምንም ከፍተው «በሩ ላይ ነኝ፣ ጫማዬን እየጠረግኩ ነው» ብለው ዘጉት።

ያን ጊዜ መብራት መጣ። አምፖሉ በራ፣ ከጎረቤት ቴፕ ዘፈኑን ካቆመበት ጀመረ፣ መንገዱ ላይ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ፣ ቶንዶሱ በራሱ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ መዞር ያዘ። ጸጉር አስተካካዩ ብድግ አድርጎ ወደ ጋሼ ግራ ጎን ቀረበ።

«ጋሼ፣ ቀና ይበሉልኝ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው።»

ጋሼ በነጩ ጨርቅ ሥር ክንዳቸውን አውጥተው ቶንዶሱን ከጆሯቸው ገፉት። በቀኝ በኩል፣ በትንሿ መስኮት ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ቆይ አንተ ልጅ» አሉ፤ «አጠናው ታየ።»